ጎርፍ በገባባቸው ቀበሌዎች ፍላጎትን መዳሰስ፦ ለአንድ የወረዳ ባለሙያ ጥያቄ የተሰጠ ምላሽ

ጥያቄ፦ «ፎገራ ሜዳ ላይ ካሉት ወረዳዎች በአንዱ የምሠራ ባለሙያ ነኝ። ርብና ጉማራ ሞልተው ሰባት ቀበሌዎቻችን ውሃ ገብቶባቸዋል። ከሕዝቡ ገሚሱ ትምህርት ቤት ውስጥና ከፍ ያለ ቦታ ላይ ተጠልሏል፤ ገሚሱ ዘመድ ቤት ገብቷል፤ ከብቴን ጥዬ አልነሣም ያለም አለ። በአምስት ቀን ውስጥ አባወራውን በሙሉ ቤት ለቤት መዝግበን፣ የጠፋውን ሰብልና ንብረት በብር ተምነን፣ ስንት ኩንታል እህል እንደሚያስፈልግ እንድናሳውቅ ታዘናል። ቅጹ 14 ገጽ ነው። የሳተላይት ካርታ ተልኮልናል፤ ቀበሌዎቹ ከሚያመጡት ቁጥር ጋር ግን አይገናኝም። ሜዳው ላይ የሞቱ ከብቶች ስላሉም ኮሌራ ይነሣል ተብሎ ሰው ፈርቷል። ከየት እንጀምር?»

ምላሽ፦

የታዘዛችሁት አንድ ሥራ መስሎ ሦስት ሥራ ነው፦ ፍላጎትን መዳሰስ፣ ጉዳትን መተመን፣ ተረጂን መመዝገብ። ሦስቱ የሚፈልጉት ጊዜም፣ ሰውም፣ ዘዴም ይለያያል። ዳሰሳው የሚመልሰው «በሚቀጥሉት ሁለት ሳምንታት ምን፣ የት፣ ለስንት ሰው ይድረስ?» የሚለውን ነው፤ በጥቂት ቀናት ውስጥ ለሚወስነው አካል ካልደረሰ እርዳታው በግምት ይጫናል። ጉዳት የሚተመነው ውሃው ሸሽቶ መሬቱ ሲታይ ነው። ምዝገባ ደግሞ የሚሠራው የሚመጣው ነገር ዓይነትና መጠን ከታወቀ በኋላ፣ መስፈርቱ ለሕዝብ ተነግሮ ነው። ሦስቱን በአንድ ቅጽ አጭቆ ቤት ለቤት መዞር ሦስቱንም ያበላሻል። ስሙ የተጻፈ ሰው እህል የተፈቀደለት ይመስለዋልና ዝርዝሩ በየቀኑ ይረዝማል። ቤቱ የተዋጠበት ሰው ደግሞ ቤቱ ስለማይገኝ ይዘለላል፤ ቤት ለቤት የምታገኙት በአብዛኛው ያልተፈናቀለውን ነው። ስለዚህ ምዝገባውን ለጊዜው አቁሙና የሦስት ቀን ፈጣን ዳሰሳ ሥሩ። ከ14ቱ ገጽ ውስጥ ሁለት ገጽ የሚሞሉ ጥያቄዎችን ብቻ አስቀሩ። የማጣሪያ መንገዱ ቀላል ነው፦ መልሱ ምንም ቢሆን የምትልኩትን እርዳታ የማይለውጥ ጥያቄ ይሰረዝ።

ከመውጣታችሁ በፊት ግማሽ ቀን ቢሮ ቁጭ በሉ። የመጨረሻው የሕዝብና ቤት ቆጠራ የተካሄደው በ1999 ዓ.ም. በመሆኑ በእጃችሁ ያለው የቀበሌ ሕዝብ ቁጥር ትንበያ ወይም ቀበሌው ራሱ የያዘው ነው። አንዱን ብቻ አትመኑ። የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዋ የቤተሰብ ማኅደር፣ የመጨረሻው የክትባት ዘመቻ ያገኛቸው ሕፃናት ብዛት፣ የሴፍቲኔት ዝርዝርና የግብር መዝገብ እርስ በርስ ይፈታተሹ። በገጠር ከአምስት ዓመት በታች ያሉ ልጆች ከሕዝቡ ወደ 15 በመቶ ገደማ ይሆናሉ። እንበል አንድ ቀበሌ 9,000 ሕዝብ አለኝ ብሎ ዘመቻው ያገኘው 900 ሕፃናት ብቻ ከሆነ፣ እውነተኛው ቁጥር ወደ 6,000 የሚጠጋ ሊሆን ይችላል። ይህ ቀበሌውን ለመክሰስ አይደለም፤ ሊቀመንበሩ ከላይ የሚቀነስ መሆኑን ስለሚያውቅ ከታች ይጨምራል። ሁሉም የሚያውቀው ጨዋታ ነው። እናንተ ከጨዋታው የምትወጡት የራሳችሁን መነሻ ቁጥር ይዛችሁ ስትሄዱ ብቻ ነው።

ካርታውና ሪፖርቱ የማይገናኙት አንዳቸው ስለዋሹ ላይሆን ይችላል። በክረምት ሰማዩ ደመና ስለሆነ የጎርፍ ካርታ የሚሠራው በአብዛኛው ደመናን አልፎ በሚያይ የራዳር ሳተላይት ነው። ራዳር ጠፍጣፋ ውሃን ጥቁር አድርጎ ያሳያል። ፎገራ ላይ ደግሞ ነሐሴ ወር ውሃ የተኛበት የሩዝ ማሳ የተለመደ ነገር ነው፤ ለካርታው ሠሪ ግን ጎርፍ ይመስለዋል። በተቃራኒው ረዘም ያለ ሣር ወይም በቆሎ የቆመበት ውሃ፣ እንዲሁም በቤቶች መካከል የገባ ውሃ፣ በራዳር ደረቅ መስሎ ሊያልፍ ይችላል። ስለዚህ ካርታውን የላከላችሁ አካል ጎርፍ ባልነበረበት ዓመት፣ በዚያው ወር የተነሣውን ምስል ቀንሶ እንደሆነ ጠይቁ። ካልቀነሰ ካርታውን ለመንገድ መምረጫ እንጂ ለሄክታር መቁጠሪያ አትጠቀሙበት። «የተጎዳ ሕዝብ» ብሎ የሚያስቀምጠው ቁጥርም በውሃው ክልል ውስጥ የሚኖረው ሕዝብ ግምት ነው፤ ውሃ ያየው ሁሉ እርዳታ ይሻል ማለት አይደለም።

እናንተ ዘንድ ሁለት ዓይነት ጎርፍ አለ፤ ይህንን ሳትለዩ ቀበሌ አትምረጡ። አንደኛው ወንዙ ደለል ሞልቶት፣ ግድቡን ጥሶ፣ በአንድ ሌሊት የሚመጣው ነው። በፍጥነት ይመጣል፣ ቤትና ከብት ይወስዳል፣ ደለል ጥሎ በቀናት ውስጥ ይሸሻል። ሁለተኛው እንደ ናበጋና ዋገጠራ ወደ ጣና በተጠጉት ቀበሌዎች የሚታየው ነው፤ የሐይቁ ውሃ ከፍታ ጣሪያ የሚደርሰው መስከረም ገደማ ስለሆነ ከላይ የወረደው ውሃ መሄጃ አጥቶ ለሳምንታት ይተኛል። የመጀመሪያው የሚጠይቀው ነፍስ አድንን፣ መጠለያን፣ የዕቃ መተኪያን ነው። ሁለተኛው ቀስ ብሎ የሚገድል ነው፦ ጉድጓድ ይበከላል፣ ሽንት ቤት ይሞላል፣ ጎታ ይረጥባል፣ መንገድ ይዘጋል፣ ቆይቶ ወባ ይመጣል። በፎቶ የሚያሳዝነው የመጀመሪያው ነው፤ እርዳታ የሚዘገይበት ሁለተኛው።

ሰባት ቀበሌን በሙሉ መዞር አያስፈልግም። ጎጦቹን በአራት ክፈሉ፦ ወንዝ የጣሰባቸው፣ ሐይቁ የተኛባቸው፣ ውሃ ባይገባባቸውም ተፈናቃይ የተቀበሉ፣ እና ምንም ያልነካቸው። ከእያንዳንዱ ሁለት ወይም ሦስት ምረጡ። ያልተነካውን ጎጥ ብዙዎች ይዘሉታል፤ ግን እሱ ከሌለ ነሐሴ ላይ የሚታየው ረሃብ የጎርፉ ይሁን በየዓመቱ ክረምት የሚመጣው የጎተራ መራቆት መለየት አትችሉም። አራት አራት ሰው ያላቸው ሦስት ቡድኖች፣ በቀን አንድ አንድ ቦታ ቢሠሩ በሦስት ቀን ዘጠኝ ቦታ ይሸፈናል። በእያንዳንዱ ቡድን ቢያንስ አንዲት ሴት፣ ቢቻል ሁለት ይኑሩ፤ አንዱ ውሃ ወይም ጤና፣ አንዱ ግብርና የሚያውቅ ይሁን። መድረስ ያልተቻለበትን ጎጥ «ችግር የለም» ብላችሁ አትለፉት፤ ያልተደረሰበት ተብሎ በስሙ ይጻፍ፤ ብዙ ጊዜ የከፋው እዚያ ነው። በታንኳ ስትሄዱ የሰፈሩን ሰው ያዙ። ከጉልበት በላይ በሚደርስ የሚሄድ ውሃ ውስጥ ማንም አይሻገር፤ ደለሉ ስር የተቆፈረውን አታዩትም፤ በወንዙ ዳርም ጉማሬ አለ።

ቦታው ላይ ከሊቀመንበሩ ጋር ተነጋግራችሁ ወዲያው ተለዩ። እሱ ወደሚያሳያችሁ ብቻ ከሄዳችሁ መንገድ ዳር ያለውን ታያላችሁ። ወንዶችና ሴቶችን ለየብቻ፣ ከስድስት እስከ አሥር ሰው አድርጋችሁ አነጋግሩ፤ የሴቶቹን ቡድን ሴት ባለሙያ ትምራው። ከዚያ ውጪ መምህሩን፣ የጤና ኤክስቴንሽኗን፣ የልማት ሠራተኛውን፣ ቄሱን፣ የእድር ዳኛውን፣ ወፍጮ ቤቱን ጠይቁ። ባለ ወፍጮው ሰው ምን እንደሚያስፈጭና ስንት እንደቀነሰ ከማንም በላይ ያውቃል። በመሬት መዝገብ የማይገኙትን በስም ሳይሆን በዓይነት ፈልጉ፦ እኩል የሚያርስ መሬት አልባ፣ ባሏ የሞተባት፣ ከሌላ ወረዳ ለጉልበት ሥራ የመጣ፣ ማየትና መራመድ የተሳነው። «ምን ትፈልጋላችሁ?» ብላችሁ አትጀምሩ። መልሱ የታወቀ ነው፤ የሚመጣ የመሰላቸውን ይዘረዝራሉ። «ትናንት ምን በላችሁ? ከየት ተገኘ? ዛሬ ጠዋት ውሃ ማን ቀዳ፣ ከየት፣ ስንት ጄሪካን? ሌሊት ሴቶች ለመጸዳዳት የት ይሄዳሉ?» በሉ። በቡድን ውስጥ ስለ ጾታዊ ጥቃት ማንንም አትጠይቁ፤ የት ሄደው እርዳታ ማግኘት እንደሚችሉ ብቻ እወቁ፣ ለጠየቀ ተናገሩ። ስትጀምሩም ስትጨርሱም «የመጣነው ለማየት ነው፣ ምን እንደሚመጣ የምንወስነው እኛ አይደለንም» በሉ።

ከሁሉ በፊት ውሃ። ጎርፍ በገባበት ሰፈር በመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንታት ሰው የሚገድለው ርሃብ አይደለም፣ አተት (አጣዳፊ ተቅማጥና ትውከት) ነው። የሞቱት ከብቶች ኮሌራ አያመጡም፤ ኮሌራ የሚመጣው በበሽታው የተያዘ ሰው ሰገራ ውሃ ውስጥ ሲገባ ነው፤ ሽንት ቤቱ የሞላበት ሰፈር ከሬሳው ይልቅ ያስፈራችሁ። ከብቱ ጉድጓድ ወይም ምንጭ አጠገብ ካልወደቀ በስተቀር ሽታው ነው ችግሩ። አንድ ልዩ ሁኔታ አለ፦ አባ ሰንጋ። ጎርፍ አፈሩ ውስጥ የቆየውን ተዋህስ ወደ ላይ ያወጣል። ደህና የነበረ ከብት በድንገት ሞቶ፣ ከአፍንጫው ወይም ከፊንጢጣው የማይረጋ ጠቆር ያለ ደም ከፈሰሰ አይታረድ፣ አይገፈፍ፣ አይከፈት፤ የእንስሳት ጤና ባለሙያ በዚያው ቀን ይጠራ። ሥጋው እንዳይባክን ብሎ የሚከፋፈል ሰው አይጠፋምና ይህን ሁሉም ቡድን ሲዞር ይናገር።

የውሃ ነጥቡ ጋ ስትደርሱ ቅጹን አስቀምጡና እዩ። ግድግዳው ላይ ወይም ዛፉ ላይ ጭቃው የተወው መስመር አለ፤ በሜትር ለኩት። መስመሩ ከእጅ ፓምፑ የሲሚንቶ ወለል በላይ ከሆነ፣ ፓምፑ ቢሠራም፣ ውሃው ጥርት ብሎ ቢታይም፣ ያ ጉድጓድ ተበክሏል ብላችሁ መዝግቡ። ከዚያ ሰዓት ይዛችሁ አንድ 20 ሊትር ጄሪካን በስንት ጊዜ እንደሚሞላ ቁጠሩ። ጤነኛ የእጅ ፓምፕ በደቂቃ ወደ 17 ሊትር ይሰጣል፤ ጄሪካኑ በ70 ሰከንድ ገደማ ይሞላል ማለት ነው፤ ይህ ለ500 ሰው ይበቃል ተብሎ ይሰላል። ሦስት ደቂቃ ከወሰደ ግን የሚችለው 200 ሰው ገደማ ነው። ወረፋው ከግማሽ ሰዓት ካለፈ ወይም ርቀቱ ከ500 ሜትር ከበለጠ ሰው ቅርብ ወዳለው ድፍርስ ውሃ ይመለሳል። መለኪያው በሰው በቀን 15 ሊትር ነው፤ ከ7.5 በታች ከወረደ አጣዳፊ ነው።

የክሎሪን ነገር ላይ በየዓመቱ አንድ ስህተት ይደጋገማል። ውሃ አጋር የሚባለው የክሎሪን ውሃ ማከሚያ በካርቶን ይጫናል፣ ይታደላል፣ ሪፖርት ይደረጋል። ጎርፍ ውሃ ግን ድፍርስ ነው፤ ክሎሪኑን ጭቃው ይበላዋል። ውሃውን ባዶ የፕላስቲክ ጠርሙስ ውስጥ አድርጋችሁ ከጀርባው የተጻፈ ወረቀት ያዙ፤ ፊደሉ ካልተነበበ ውሃ አጋር ብቻውን አይበቃም። ወይ እንደ ቢሻን ጋሪ ያለ ደለሉን አዝቅጦ የሚያክም ዱቄት፣ ወይም አስቀድሞ ማዝቀጥና በጨርቅ ማጥለል ያስፈልጋል፤ ለዚህም ሁለት መያዣ ዕቃ የሌለው ቤተሰብ ዱቄቱ ቢደርሰውም አይሠራለትም። ስለዚህ ሪፖርታችሁ ውስጥ ከመድኃኒቱ ጎን ባልዲና ጄሪካን ይቆጠር። ታክሞ የሚታደል ውሃ ካለ ደግሞ ቀሪ ክሎሪኑን ቦቴው ጋ ሳይሆን ቤተሰቡ ጄሪካን ውስጥ ለኩ፤ በሊትር ከ0.2 እስከ 0.5 ሚሊግራም መሆን አለበት። የጉድጓድ ማጽዳት የሚመጣው ውሃው ከሸሸና ደለሉ ከተጠረገ በኋላ ነው፤ ውሃው ላዩ ላይ ተኝቶ እያለ ክሎሪን መጨመር ብክነት ነው። አሁን የሚያስፈልገው የየጉድጓዱን ስፋትና የውሃውን ጥልቀት መመዝገብ ነው። አንድ ሜትር ስፋትና አራት ሜትር ውሃ ያለው ጉድጓድ 3,140 ሊትር ይይዛል፤ በሊትር 100 ሚሊግራም ለመድረስ፣ 65 በመቶ ጥንካሬ ያለው የክሎሪን ዱቄት ግማሽ ኪሎ ገደማ ይበቃዋል። እንዲህ ተሰልቶ ሲጠየቅ ነው ትክክለኛው መጠን የሚመጣው።

የጤና ኬላውን መዝገብ ክፈቱና የሰባት ቀን የተቅማጥ ቁጥሩን ከዓምናው ተመሳሳይ ሳምንት ጋር አነጻጽሩ። የአተት ጥርጣሬ ካለ አንድም ቢሆን የዳሰሳውን ማለቅ ሳትጠብቁ በዚያው ሰዓት አሳውቁ። ወባ ወዲያው አይታይም፤ ከመስከረም እስከ ኅዳር ነው የሚያይለው። ግን አጎበር አሁን ካልተጠየቀ ያኔ አይደርስም፤ ለሁለት ሰው አንድ ብላችሁ፣ የተረፈውን ቀንሳችሁ አስሉ። ከ6 እስከ 59 ወር ያሉ ሕፃናትን የክንድ ዙሪያ በምታገኙበት ሁሉ ለኩ፤ ከ11.5 ሴንቲሜትር በታች ወይም በሁለቱም እግር እብጠት ያለበት በዚያው ቀን ወደ ጤና ተቋም ይላክ። በዚህ መንገድ ያገኛችሁትን ግን «የወረዳው የምግብ እጥረት መጠን» ብላችሁ በመቶኛ አትጻፉ፤ ናሙና አይደለም።

ወደ ምግብ እንምጣ። ጎታ የሚሠራው ከጭቃና ከእበት ስለሆነ ውሃ ሲነካው ከሥሩ ይሟሟል፤ ላዩ ቆሞ ሥሩ ጭቃ ይሆናል። እህሉ ሳይነካ የቆየ ይመስላል፤ እጃችሁን ወደ ውስጥ ብትከቱት ግን ይሞቃል፣ ይሸታል። የሞቀ እህል መበስበስና መሻገት ጀምሯል፤ ለዘርም ለምግብም መተማመኛ የለውም። ስለዚህ «እህል አላችሁ?» አይባልም፤ ተከፍቶ ይታያል። ከዚያ የሚያስፈልገው «የቀረው ስንት ቀን ያደርሳል?» የሚለው ነው። ለመቋቋም የሚያደርጉትን ለመለካት አምስት ጥያቄ ይበቃል፦ ባለፉት ሰባት ቀናት ስንት ቀን ርካሽና የማይወደድ ምግብ በሉ (በ1 ይባዛል)፣ ስንት ቀን ተበደሩ ወይም ዘመድ ላይ ተደገፉ (በ2)፣ ስንት ቀን መጠኑን ቀነሱ (በ1)፣ ስንት ቀን ልጆች እንዲበሉ አዋቂዎቹ ተዉ (በ3)፣ ስንት ቀን የመመገቢያ ጊዜ ቀነሱ (በ1)። ለምሳሌ 7፣ 3፣ 5፣ 2 እና 4 ቀን ያለ ቤተሰብ 28 ይሆናል። 19 እና ከዚያ በላይ ከባድ ችግር ነው። ጥንቃቄ ያስፈልጋል፦ የመጀመሪያው ሳምንት መልስ የመፈናቀሉን ድንጋጤ እንጂ የዓመቱን ርሃብ አያሳይም፤ በእሱ ብቻ የስድስት ወር እህል አይጠየቅም። በጾም ቀናትም መቀነሱን ከጾሙ ለዩ፤ ፍልሰታ ከነሐሴው ጎርፍ ጋር ይገጥማል።

ሰብሉን አሁን አትተምኑ። ውሃ የገባበት ሄክታርና የጠፋ ሄክታር አንድ አይደሉም። ሩዝ ጫፉ ከውሃ በላይ ከታየ ብዙ ጊዜ ይተርፋል፤ ሙሉ በሙሉ ተውጦ ከሳምንት እስከ ሁለት ሳምንት ከቆየ ነው የሚያልቀው። ጤፍ፣ ዳጉሳና በቆሎ ይህን ያህል አይታገሡም፤ ለጋ በቆሎ በጥቂት ቀናት ይሞታል። ውሃው ሲሸሽ ነቅላችሁ ሥሩን እዩ፦ ነጭና ጠንካራ ከሆነ ያገግማል፤ ጠቁሮ ከላላና ከሸተተ አልቋል። ገበሬው ራሱ ይህን ያውቃል፤ ግን ካሳ ይመጣል ብሎ ካሰበ «ሁሉም አልቋል» ይላችኋል፤ እኔም ብሆን እላለሁ።

አሁን የማይታለፈው የዘር ጉዳይ ነው፤ አብዛኛው ዳሰሳ የሚስተውም እዚህ ላይ ነው። የፎገራ ገበሬ በጎርፍ ይኖራል፤ ውሃው ጥሎት በሚሄደው እርጥበት ሽምብራና ጓያ ይዘራል። ያ መስኮት ከመስከረም አጋማሽ ጀምሮ ለጥቂት ሳምንታት ክፍት ነው፤ መሬቱ ከደረቀና ከሰነጠቀ በኋላ የመጣ ዘር ይበላል እንጂ አይዘራም። ስለዚህ ነሐሴ ላይ «ዘር ቀርቷችኋል? የት አስቀመጣችሁት? ገበያ ላይ ስንት ነው?» ተብሎ መጠየቅ አለበት። ሁለተኛው ነገር ጓያ ነው። ውሃንም ድርቅንም የሚችለው እሱ ስለሆነ ሌላው ሲጠፋ ሰው ወደ እሱ ያዘነብላል። ለወራት ዋና ምግብ ሲሆን እግርን ሽባ ያደርጋል፣ ሽባነቱም አይድንም፤ በ1968 እና 69 ዓ.ም. ገደማ ደምቢያና ፎገራ ይህን አይተዋል። ጓያ ብቻ የሚበላ ቤት እንዳይበዛ ከፈለጋችሁ፣ ሽምብራ ዘር አሁን ጠይቁ፤ ከዕለት እርዳታው ጋርም ሌላ እህል ይቅረብ።

ከብቱን ስትቆጥሩ በክረምት ወደ ደጋማው ጠርዝ የማውጣት ልማድ እንዳለ አስታውሱ፤ በሰፈሩ ያልታየ ከብት የሞተ አይደለም። ይልቅ የገለባና የሣር ክምሩ መሄዱን እዩ። በጣና ዳር ውሃ ሲሸሽ የጉበት ትል ይበዛል፤ የላም ዋጋ ከዓምናው በዚህ ወር ከነበረው ምን ያህል እንደወረደም ገበያ ላይ ጠይቁ፤ ሰው ከብቱን መኖ አጥቶ ከሆነ የሚሸጠው መልሱ እህል ሳይሆን መኖ ነው።

ቤት በሁለተኛው ቀን አይቆጠርም። የምርጊት ግድግዳ ሲርስ ይቆማል፣ ውሃው ሲሸሽና ሲደርቅ ይወርዳል። የመጀመሪያው ቁጥር ሁሌም ያንሳል። መጠለያ ላይ ግን ዛሬውኑ ሒሳቡን ሥሩ፦ መለኪያው ለአንድ ሰው 3.5 ካሬ ሜትር ነው፤ 7 በ8 የሆነ መማሪያ ክፍል 16 ሰው ይይዛል። 60 ሰው ካገኛችሁበት ፍራሽና ብርድ ልብስ ብቻ አትጻፉ፤ ክፍሉ ራሱ የበሽታ ምክንያት ነው። ትምህርት ደግሞ መስከረም ላይ ይከፈታል። ተጠላዮቹ የት እንደሚሄዱ አሁን ያልታሰበበት ትምህርት ቤት መስከረም ላይ በፖሊስ ይለቀቃል፤ ይህን በሪፖርቱ ቀን ጠቅሳችሁ አስቀምጡት።

ቁጥሩን ስታጠናቅሩ በሦስት አምድ ለዩ፦ የሰማነው፣ ያየነውና የቆጠርነው፣ ያሰላነው። ተፈናቃይ ሁለት ጊዜ የመቆጠር ልማድ አለው፤ አንዴ በቀበሌው፣ አንዴ በተጠለለበት። ስለዚህ ሌሊት በተኛበት ቦታ ብቻ ይቆጠር። ከአንድ ቁጥር ይልቅ ክልል ጻፉ፤ «ከ2,000 እስከ 2,800፣ ለዕቅድ 2,400» ማለት «2,413» ከማለት የበለጠ ያሳምናል። ከዚያ ማባዛት ነው። በአገራችን የተለመደው የወር ራሽን ለአንድ ሰው እህል 15 ኪሎ፣ ጥራጥሬ 1.5 ኪሎ፣ ዘይት 0.45 ኪሎ ነው፤ ለ2,400 ሰው 360 ኩንታል እህል፣ 36 ኩንታል ጥራጥሬና 1,080 ኪሎ ዘይት። ውሃ በቀን 36,000 ሊትር፣ ማለትም 10,000 ሊትር የሚይዝ ቦቴ በቀን አራት ምልልስ፤ መንገዱ አንድ ብቻ የሚያስገባ ከሆነ ቦቴ መጠየቅ ትርጉም የለውም፣ ውሃውን እዚያው ማከም ነው። ሽንት ቤት መጀመሪያ ለ50 ሰው አንድ፣ 48፤ ቆይቶ ለ20 ሰው አንድ፣ 120። ማገዶና ድስት የሌለው ቤተሰብ ጥሬ እህል ቢደርሰው ይሸጠዋል፤ ወፍጮ ቤቱ በውሃ ውስጥ ከሆነም በቆሎ ሳይሆን ዱቄት ይጠየቅ።

ጥሬ ገንዘብ ይሰጥ የሚሉ አሉ፤ ትክክል ናቸው፣ ግን በሁኔታ። ወረታ ገበያ ላይ ቢያንስ ሦስት አራት የእህል ነጋዴ በሳምንት ውስጥ መልሶ መሙላት ከቻለ፣ መንገዱም ለጋማ ከብት እንኳ ክፍት ከሆነ ገንዘብ ከእህል ይሻላል። ውሃ ለተኛባቸው የሐይቅ ዳር ጎጦች ግን አሁን አይሠራም። ዋጋውን ካለፈው ሳምንት ጋር አታነጻጽሩ፤ ነሐሴ ሁሌም ውድ ነው። ከዓምናው ነሐሴ ጋር፣ እንዲሁም የአንድ ቀን የጉልበት ዋጋ ስንት ኪሎ እህል እንደሚገዛ አነጻጽሩ።

የምመክራችሁ ይህ ነው። ነገ አለቆቻችሁ ዘንድ ግቡና አምስቱን ቀን እንዲህ እንዲከፍሉት አስፈቅዱ፦ አንድ ቀን ለዝግጅትና ለመነሻ ቁጥር፣ ሦስት ቀን ለዘጠኝ ቦታ ዳሰሳ፣ አንድ ቀን ለሁለት ገጽ ሪፖርት። የውሃና የአተት ግኝት ግን በየማታው በስልክ ይላክ እንጂ ሪፖርቱን አይጠብቅ። ለመጀመሪያው ወር ራሽን፣ ውሃ ማከሚያና መያዣ፣ ሽንት ቤትና አጎበር በዕቅድ ቁጥሩ ይጠየቁ። የብር ግምቱን ክፍት አድርጋችሁ «ውሃው ከሸሸ በኋላ ይሞላል» ብላችሁ ቀኑን ጻፉ። ምዝገባው እርዳታው ወረዳ መድረሱ ሲረጋገጥ፣ መስፈርቱ በቤተ ክርስቲያን ደጅና በገበያ ተነግሮ፣ የተመዘገቡት ስም በአደባባይ ተነቦ፣ ቅሬታ ሰሚ ኮሚቴ ተቀምጦ ይሠራ። በዳሰሳው ቅጽ ላይ ግን የማንም ስም፣ ስልክም ሆነ የጣት አሻራ አይኑር። ሁለተኛው ጉዞ ከ14 ቀን በኋላ፣ ቢዘገይ ከመስቀል በፊት ይሁን፤ ያኔ ሥሩ ይነቀላል፣ ግድግዳው ይቆጠራል፣ የወባ ቁጥሩ ይታያል፣ የሽምብራ ዘሩም መድረሱና አለመድረሱ እዚያው ማሳው ላይ ይጠየቃል።